«ጭላዳ ሙዝ አይበላም»፦ የቅዳሜ ንባባችን ከሁለት ዓመት በኋላ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ መጽሐፍ አረመ። ደስታው እስካሁን አልወጣልኝም፤ የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

ስለ እንስሳት የሚያስተምር፣ በቀለም ያሸበረቀ መጽሐፍ እያነበብኩላቸው ነበር። ዝንጀሮው ጋ ስንደርስ ሥዕሉ ላይ ሙዝ ጨብጧል፤ ጽሑፉም «ዝንጀሮ ሙዝ ይበላል» ይላል። ወላጆቹ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ በኩል የመጡ አንድ ልጅ ከተቀመጠበት ተነሣና «እትዬ፣ እንደሱ አይደለም። ሣር ነው የሚበላው» አለኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ቶሎ ቶሎ እየነጨ ወደ አፉ ሲወስድ አሳየን። አያቱ አገር ሲሄድ ያየው ጭላዳን ነው። ጭላዳ እውነትም ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ የሚውል፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። መጽሐፉ የሌላ አገር ዝንጀሮ አስቦ ጽፎ ይሆናል። እኔን ያስደሰተኝ ልጁ በዓይኑ ያየውን ከተጻፈው ጋር አስተያይቶ «አይደለም» ማለቱ ነው። ሁለት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነበር።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ሰበር ሲል፣ የሰፈር ልጆች በረንዳዬ ላይ ይሰበሰባሉ። በ6 ልጆችና በ9 መጻሕፍት ጀመርኩ፤ አሁን ልጆቹ 19 ደርሰዋል። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይበተናሉ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የምለው የለኝም።

የተረት መጽሐፍ መምረጥ ቶሎ ገባኝ። መጽሐፉን ግድግዳ አስደግፌ አራት እርምጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ሆኜ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ካልታየኝ፣ ከኋላ ለሚቀመጠው ልጅም አይታየውም። ቀጥዬ ብቻዬን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። «እናቲቱ ከፍተኛ ደስታ ተሰማት» የሚል ካጋጠመኝ መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ እናት ደስ ሲላት እልል ትላለች፣ ልጇን ትስማለች፤ ለልጅ የሚጻፈው ይኼ ነው። ልጆቹ አብረውኝ የሚሉት፣ እየተደጋገመ የሚመለስ ሐረግ ካለው ደግሞ ግማሹ ሥራ አልቋል። የገጽ ብዛት አያስጨንቃችሁ። የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ከኅትመት ወረቀቱ አስተጣጠፍ ጋር ስለሚስማማ ነው፤ የልጅ ትዕግሥት ተለክቶ አይደለም። በ10ኛው ገጽ ቢያቆሙ ምንም አይደለም።

መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ልጆች…» ብሎ ምክር የሚለጥፍ መጽሐፍ ግን አልወድም። ያንን ገጽ አላነበውም። አያቴ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ነበር የምትጨርሰው፤ ጅቡ ለምን እንደተሸነፈ ስናስብ የምናድረው እኛ ነበርን።

አላላውስ ያለኝ ልጆቹ «የእውነት መጽሐፍ» የሚሉት ነው፤ ስለ እንስሳት፣ ስለ ሰውነት ክፍል፣ ስለ ፀሐይና ጨረቃ የሚያስረዳው። «አንበሳ የዱር እንስሳ ነው። አንበሳ ሥጋ ይበላል።» ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግማሾቹ ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ወደ አንድ ዓመት ገደማ እነዚያን መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ ከትቼ ተረት ብቻ ነበር የማነበው። ልጆቹ አይወዱትም ብዬ ደመደምኩ። ግን እያንዳንዱ ተረት ባለቀ ቁጥር አንዷ ልጅ «ይኼ የእውነት ነው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ጥያቄው ከሰለቸኝ በኋላ ነው ጥፋቱ የኔ አመራረጥና አነባበብ መሆኑ የገባኝ።

መጀመሪያ አመራረጤን ለወጥኩ። አሁን የእውነት መጽሐፍ ሳገኝ የበጉን ገጽ ነው የምከፍተው። በግ እኛ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ መጽሐፍ ላይ በጉ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ድቡልቡል፣ ጅራቱ ቀጭን ነበር። ሳሳያቸው «ላቱ የታለ?» አሉ። የመንዝን በግ ለሚያውቅ ልጅ ላት የሌለው በግ ያልተጨረሰ ሥዕል ነው። ያ መጽሐፍ ሌላ አገር ሌላ ዓይነት በግ እንዳለ በአንድ መስመር ቢናገር ኖሮ ጥሩ መማሪያ ይሆን ነበር፤ አልተናገረም። ስለማውቀው በግ ያልተጠነቀቀ ጸሐፊ ስለማላውቀው ዓሣ ነባሪ ቢነግረኝ አላምነውም። እናንተም የምታውቁትን አንድ ነገር ምረጡና፣ ገብስ ይሁን ንብ፣ በሱ ፈትኑ።

ሁለተኛ፣ «የዓለም እንስሳት በሙሉ» የሚለውን ዓይነት መግዛት አቁሜአለሁ። መቶ እንስሳ በመቶ ሥዕል፤ ልጁ ስም ይቆጥራል እንጂ ምንም አይይዝም። ስለ አንዲት ጉንዳን ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ይበልጥብኛል፤ የት ትተኛለች፣ ምን ትሸከማለች፣ ብትጠፋ እንዴት ትመለሳለች።

ሦስተኛው ላይ ብዙዎቻችሁ አትስማሙኝም ይሆናል። ኮትና ሱሪ የለበሰ ጥንቸል በተረት ውስጥ ደስ ይለኛል። እያስተማርኩ ነው በሚል መጽሐፍ ውስጥ ግን አልፈልገውም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ እንስሳት እንደ ሰው የሚያወሩበት መጽሐፍ የተነበበላቸው ሕፃናት ስለ እውነተኛው እንስሳ የያዙት እውቀት አነስ ብሎ፣ የሰው ባሕርይ ለእንስሳው መስጠታቸው ደግሞ ጨምሮ ተገኝቷል። እኔም በረንዳዬ ላይ ያየሁት ከዚህ አይርቅም።

አነባበቡን የፈታልኝ ግን ከመጽሐፍ የተገኘ ዘዴ አይደለም። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ቤት ውስጥ ተሰብስበን ሳለ እንቆቅልሽ መጫወት ጀመርን። ዘወትር የሚንቀሳቀሱት ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። በማግሥቱ ካርቶኑን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የእውነት መጽሐፍ ሳነብ ሥዕሉን በወፍራም ወረቀት እሸፍነዋለሁ፤ ጽሑፉን ቀድሜ አንብቤ ወደ እንቆቅልሽ እለውጠዋለሁ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«ሣር ይነጫል፣ በግ አይደለም። ገደል ላይ ያድራል፣ አሞራ አይደለም። ጎፈር አለው፣ አንበሳ አይደለም።»

ካቃታቸው «አገር ስጡኝ» እላለሁ። ደብረ ሲናን ይሰጡኛል፣ አንዳንዴም ጎንደርን። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብዬ ከታች ወደ ላይ እገልጣለሁ፤ መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ ቀዩ ደረቱ። ያኔ መጽሐፉ ላይ ተደራርበው ይወድቁበታል። ያው አንቀጽ ነው፣ ያው እውቀት ነው፤ አሁን ግን መልሱን እነሱ ፈልገውታል። አንድ ወረቀት ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ወረቀቱ ጠንካራ ይሁን፤ ስስ ከሆነ ሥዕሉ ያሳብቃል።

በጣም የተወደደልን እንቆቅልሽ ስለ ቀይ ቀበሮ ነው፦ «መንጋ መካከል ይገባል፣ እረኛ አይደለም፤ ግልገል አይነካም፣ አይጥ ግን አይምርም።» መንዝ ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል፤ ብቻውን ሆኖ ከሚያድነውም የተሻለ ይሳካለታል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። «ለምን አይፈሩትም?» የሚለው ጥያቄ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን።

ጥያቄ ሲበዛ ግን ያጠፋሁት አለ። አንዲት ልጅ «ደረቱ ለምን ቀላ?» ስትለኝ ሳላውቅ «ፀሐይ መትቶት ይሆናል» አልኳት። ቤቷ ሄዳ ለእናቷ ተናገረች፤ እናቷ ለሌላ ሰው። ቆይቼ ሳነብ፣ ቅላቱ ጠጉር የሌለው ቆዳ መሆኑንና የወንዱ ቅላት በመንጋው ውስጥ ካለው ደረጃ ጋር እንደሚያያዝ አገኘሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም ፊት «ባለፈው የነገርኳችሁ ስሕተት ነበር» ብዬ አስተካከልኩ። ከብዶኝ ነበር። አሁን ያላወቅሁትን «አላውቅም፣ ለቅዳሜ ፈልጌ አመጣለሁ» እላለሁ፤ ጥያቄውንም እነሱ እያዩ በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ በእርሳስ እጽፈዋለሁ። የሚቀጥለውን ሳምንት የሚያስናፍቃቸው ይኼ ጽሑፍ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሐሳቤን አስለውጦኛል። በስጦታ የመጣ፣ ስለ በረዶ አገር የሚናገር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረኝ፤ ለእኛ ልጆች አይሆንም ብዬ ትቼው ነበር። አንዱ ልጅ ከካርቶኑ አውጥቶ ሲያገላብጥ «አመዳይ ነው!» አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣራችን ላይ የሚነጣውን ያውቀዋላ። በዚያው ምሽት ውኃ የሞላ ሳህን ደጅ አሳደርን፤ ጠዋት ላዩ ረግቶ አገኘነው። ስለዚህ የሩቅ መጽሐፍ አይሆንም ማለቴን ትቻለሁ፤ ከቤታችን የሚጨብጡት አንድ ነገር ካገኘሁለት አነበዋለሁ። እንግሊዝኛውን አልተረጉመውም፤ ሥዕሉን እያሳየሁ በራሳችን አነጋገር እናገራለሁ።

የአማርኛው እጥረት ለሚያስቸግራችሁ፣ አፍሪካን ስቶሪቡክ እና ስቶሪዊቨር የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ በነፃ አውርዶ ማተም የሚፈቀድ የአማርኛ ሥዕላዊ መጽሐፍ አለ። እኔ ግን ራሴ የሠራሁት ይበልጥ ጠቅሞኛል። ጎረቤታችን እማማ የበግ ጠጉር ሲፈትሉ በስልኬ አነሣኋቸው፤ ጠጉሩ ሲሸለት፣ ሲታጠብ፣ ሲባዘት፣ በእንዝርት ሲፈተል፣ መጨረሻ ላይ ባና ሆኖ አልጋ ላይ። ስምንት ፎቶ፣ በያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር። ፎቶ ቤት አሳትሜ ላሚኔት አስደረግሁት። ካሉኝ መጻሕፍት ሁሉ ጠርዙ ያለቀው እሱ ነው። እማማም አንድ ቅዳሜ መጥተው ገጹን ራሳቸው አስረዱ።

ሦስት ዓመት የሆናቸውን ግን አልቻልኩባቸውም። እንቆቅልሹ ለነሱ ይረዝማል፤ ወረቀቱን ነጥቀው ይገልጡታል። አሁን የምሞክረው አንድ ትልቅ ልጅ ከአንድ ትንሽ ጋር አጣምሬ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለት ጥንድ ተስማምቷል፤ ሌሎቹ ይጣላሉ። ይህን የተወጣ ካለ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ቀጣዩ በእጅ የምንሠራው መጽሐፍ የጭላዳ ነው። ሣር ሲነጩ፣ ሲቀማመሉ፣ ግልገል ጀርባቸው ላይ ሲያዝሉ የሚያሳይ ፎቶ አንድ ወዳጄ ደብረ ሲና አጠገብ ካለው ገደል፣ ከምኒልክ መስኮት፣ አምጥታልኛለች። የጎደለን አንድ ገጽ ነው፦ ሲመሽ ለማደር ወደ ገደሉ ሲወርዱ። መጽሐፍ ያረመው ልጅ አባት ለበዓል ወደ መሐል ሜዳ ስለሚሄዱ ስልካቸውን ይዘው ሊጠብቁልን ቃል ገብተዋል። ልጁ «ፀሐይዋ ስትገባ ነው፣ ቶሎ እንዳትመለስ» ብሎ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቋቸዋል።