የንድፍ ፈተናን ከስዕል ወደ ጥያቄ ማዞር

ለአርክቴክቶች የፈቃድ ፈተና መለማመጃ ባሕር ዳር ላይ ሳዘጋጅ መነሻዬ የአሜሪካው ለውጥ ነበር። ኤንካርብ የተባለው የምዝገባ ቦርዶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2016 ባስጀመረው ፈተና 7ቱን ክፍሎች ወደ 6 አወረደ፤ ተፈታኙ በኮምፒውተር የሚስላቸውን የንድፍ ሥራዎች አስቀርቶ በሰነድ ላይ የተመሠረቱ ጥያቄዎችን አስገባ። አሮጌው ፈተና እስከ ጁን 30 ቀን 2018 ጎን ለጎን ተሰጥቷል። ይህ ግድ ነው፤ አለዚያ መንገድ የጀመረ ሰው ያለፈው ክፍል ይከስርበታል።

ስዕሉ ሲቀር ውሳኔው አብሮ እንዳይቀር ንድፉን በውሳኔ በውሳኔ እበትነዋለሁ። ጣና ዳር የሚሠራ እንግዳ ማረፊያ እንውሰድ። ተፈታኙ ሳይት ፕላን፣ የአፈር ምርመራ ውጤትና የክፍሎች ዝርዝር ይሰጠዋል። ወለሉ ከግቢው 60 ሴ.ሜ. ከፍ ይላል፤ 1 ለ12 የሆነ ራምፕ (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት መወጣጫ) 7.20 ሜትር ይፈልጋል፤ በሩ ፊት ያለው ግን 5 ሜትር ብቻ ነው። ራምፑ የት ይታጠፍ? ቦታውን በማውዝ ያመልክት። ርዝመቱን በሌላ ጥያቄ አስልቶ ከነበረ ግን እዚህ ላይ 7.20 ተጽፎ ይሰጠው፤ አለዚያ በአንድ ስህተት ሁለቴ ይቀጣል።

ከውጭ የተቀዳ የመልስ ቁልፍ ደግሞ እዚህ አይሠራም። «የሰሜን ፊት የፀሐይ መከላከያ አያሻውም» የሚል መልስ ለሰሜኑ አገር ልክ ነው። ባሕር ዳር ግን 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት 12 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በታኅሣሥ 35 ዲግሪ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ሰሜኑ በአጭር ታዛ ይሸፈናል፤ ደቡቡ ረዘም ያለ ይፈልጋል።

ጥያቄውን በማስገባበት ሙድል በተባለው የኮምፒውተር ማስተማሪያና መፈተኛ ሥርዓት ላይ ትክክለኛው ቦታ በፖሊጎን (ባለብዙ ጎን ቅርጽ) ይከለላል። ሙሉ የኤ1 ሉህ (ትልቅ የንድፍ ወረቀት) ሲጫን ልኬቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገውን ቆርጬ፣ በ600 ፒክሰል ወርድ ካልተነበበ እንደገና አስለዋለሁ።

ማለፊያ ነጥቡን በዘፈቀደ 50 ማለት አልወድም። ሥራ ላይ ያሉ አርክቴክቶች «ለፈቃድ ለጥቂት የሚበቃ ባለሙያ ከ10 ስንቱ ይህን ይመልሳል?» ለሚለው በየጥያቄው ግምት ይሰጣሉ፤ የየጥያቄው ግምቶች አማካይ ተደምሮ ማለፊያ ይሆናል። ከፈተናው በኋላ በውጤት የላይኛዎቹን 27 በመቶና የታችኛዎቹን 27 በመቶ ተፈታኞች አነጻጽራለሁ። ጎበዞቹ ከደካሞቹ እኩል የሳቱት ጥያቄ ካለ መጀመሪያ የምፈትሸው ቁልፉን ነው፤ ራምፑ በጓሮ በኩልም መታጠፍ ይችል ይሆናል፣ ፖሊጎኑ ግን እዚያ አልደረሰም።