በብዙ መንገድ የሚሄድ ግንኙነትን የሚቃኝ የኬርነል ፕሮግራም እንዴት እንደፈተንሁ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄድ ጭነት ከፊሉ በጣና ላይ በጀልባ፣ ከፊሉ በመኪና ተጉዞ እዚያ እንደሚገናኝ ሁሉ፣ ኤምፒቲሲፒም (ቲሲፒ የተባለው የኢንተርኔት መረጃ ማስተላለፊያ ደንብ በብዙ መንገድ እንዲሠራ ያደረገው ቅጥያ) አንዱን ግንኙነት በዋይፋይና በሞባይል ዳታ ከፋፍሎ ሊያደርስ ይችላል፤ እያንዳንዱ መንገድ ሰብፍሎው ይባላል። የሊኑክስ ኬርነል (የኮምፒውተር ሥርዓቱ እምብርት) ይህን መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 5.6 ስሪት ነው። እኔ የፈተንሁት በአንድ ሶኬት (የግንኙነቱ ጫፍ) ሥር ያሉትን ሰብፍሎዎች በየተራ የሚጎበኝ የቢፒኤፍ ፕሮግራም፣ ማለትም በኬርነሉ ውስጥ ተጭኖ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ጉብኝቱን ዙር እለዋለሁ።

ዋይፋይም ሞባይል ዳታም በእጄ ቢኖሩ ለፈተናው አልመረጥኋቸውም። በመንገድ ላይ ያለ መሣሪያ የኤምፒቲሲፒን ምልክት ከፓኬቱ ላይ ቢያነሣው ግንኙነቱ ወደ ተራ ቲሲፒ ይመለሳልና፣ ፈተናው ሲወድቅ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ይሁን የመስመሩ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ በላፕቶፔ ላይ ባለ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሁለት የኔትወርክ ኔምስፔሶች (እንደ ሁለት የተለያዩ ማሽኖች የሚሠሩ የተነጠሉ የኔትወርክ ክፍሎች) ፈጥሬ በአራት ምናባዊ ኬብሎች አገናኘኋቸው፤ የተጨማሪ ሰብፍሎዎችንም ገደብ በሁለቱም ወገን 3 አደረግሁ። መብራት ሲጠፋ ሥራው በባትሪ መቀጠሉም ለእኛ ከተማ ሰው ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይበልጥ ያደከመኝ ጊዜን መግራት ነበር። ግንኙነቱ እንደተከፈተ ያለው ሰብፍሎው አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሚከተሉት የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከተመሠረተ በኋላ ስለሆነ፣ አስቀድሜ ጥቂት ባይት አመላልሼ፣ ፕሮግራሙን በግምት ለተወሰነ ጊዜ ከማስቆም ይልቅ ተጨማሪዎቹ 3 መሙላታቸውን በጊዜ ገደብ ውስጥ ደጋግሞ የሚጠይቅ ኮድ ጻፍሁ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «አራቱንም ጎብኝቷል» የሚለው በምን ይረጋገጣል የሚል ነው። ቁጥሩ 4 መሆኑ አይበቃም፤ መለያዎቻቸው 1፣ 2፣ 3 እና 4 ሲሆኑ ድምራቸው 10 መሆኑም አይበቃም፣ ምክንያቱም 2ን ሁለት ጊዜ፣ 3ንም ሁለት ጊዜ የጎበኘ ብልሹ ዙር ያንኑ 4 እና ያንኑ 10 ይሰጣል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ መለያ አንድ ቢት (ሲጎበኝ ከ0 ወደ 1 የሚቀየር፣ ማለትም የሚበራ ምልክት) መደብሁ፤ አስቀድሞ የበራ ቢት እንደገና ከተነካ ፈተናው ወዲያው ይወድቃል።

ዙሩን ጀምሮ በአግባቡ የማይዘጋ ፕሮግራምን የኬርነሉ መርማሪ፣ ቬሪፋየሩ፣ ገና ሲጫን መመለስ አለበት። ይህንንም ሆን ብዬ ባጎደልሁት ፕሮግራም ፈተንሁ፤ መከልከሉን ብቻ ሳይሆን የከለከለበትን ምክንያት ከመዝገቡ አነበብሁ፣ በሌላ የአጻጻፍ ስሕተት የተመለሰ ፕሮግራም እንደ ስኬት እንዳይቆጠርልኝ።

በመጨረሻ ግንኙነቱ እየሠራ ሳለ አንዱን አድራሻ ሰርዤ፣ ሰብፍሎው መዘጋቱን በዚያው የመጠበቂያ ኮድ ካረጋገጥሁ በኋላ፣ ዙሩ ሦስት ቢት ብቻ ማብራቱን አየሁ።