የአቆስጣ ቆጠራ መማር ከጀመርኩ 8 ወር ሞላኝ፣ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ

ሰላም ጓዶች እንዴት ሰነበታችሁ። የጀመርከው ነገር የት ደረሰ ብላችሁ በውስጥ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ነው የምጽፈው። አቆስጣ የምለው ፈረንጆቹ "ሲል" (seal) የሚሉትን የባሕር እንስሳ ነው፣ ዘጸአት ላይ የአቆስጣ ቁርበት ሲባል የሰማችሁት ቃል። ጅማ ተቀምጦ አቆስጣ እንዴት ይቆጠራል ላላችሁኝ፣ ከድሮንና ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ ኔትወርክ ሲኖር ማታ ማታ አወርድና ቀን ላይ እቆጥራለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ዝም ብዬ ያየሁትን ነበር የምቆጥረው። አንድ ቀን አንድ ፎቶ ላይ እኔ 36 አልኩ፣ እህቴ 41 አለች፣ ተከራከርን። አጉልተን አንድ በአንድ ስናየው እሷ ከቆጠረቻቸው 3ቱ እርጥብ ድንጋይ ሆነው ተገኙ፣ እኔ ደግሞ እናቶቻቸው ሆድ ስር የተሸጎጡ 2 ግልገሎች አልፌያለሁ፣ ትክክለኛው 38 ነበር። ከዛ ወዲህ ፎቶውን በመስመር ከፋፍለን ሳንነጋገር ለየብቻ እንቆጥርና መጨረሻ ላይ እናመሳክራለን። ድካም አለው ግን ሌላ መንገድ አላየሁም።

ከሁሉ በላይ ዓይኔን የከፈተልኝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ፎቶ ላይ ያለው ሁሉም እንስሳ አይደለም፣ የቀረው ባሕር ውስጥ ነው ያለው። ስኮትላንድ ላይ ተራውን አቆስጣ የሚቆጥሩት በነሐሴ ነው፣ ምክንያቱም ጸጉሩን የሚቀይረው ያኔ ስለሆነ ብዙ ጊዜውን የብስ ላይ ተኝቶ ያሳልፋል፣ እሱም ቢሆን የባሕሩ ውሃ በጣም በሸሸበት ሰዓት ግራና ቀኝ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ። አንዳንዶቹ ላይ መከታተያ አስረው ሲያዩ በዛ ሰዓት የብስ ላይ የሚገኙት 72 ከመቶ አካባቢ ናቸው፣ ስለዚህ 1,000 ከቆጠርክ በ0.72 ታካፍልና ወደ 1,390 ይመጣል ማለት ነው። ግራጫው አቆስጣ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፣ አዋቂውን ትተው ነጭ ጸጉር ያለውን ግልገል ነው የሚቆጥሩት፣ እሱ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከየብስ አይርቅም። ግን ሁሉም ባንዴ ስለማይወለዱ፣ ኋለኞቹ ሲወለዱ ቀድመው የተወለዱት ወደ ባሕር ስለሚገቡ፣ በአንድ ወቅት ውስጥ በአውሮፕላን ደጋግመው እየበረሩ ይቆጥራሉ።

ይሄ ሁሉ ለምን ካላችሁ፣ በፈረንጆቹ 1988 እና በ2002 ሰሜን ባሕር አካባቢ ቫይረስ ገብቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አቆስጣዎች አልቀዋል። 2023 ላይ ደግሞ አርጀንቲና ቫልዴስ ላይ የወፍ ጉንፋን ኩምቢ የመሰለ አፍንጫ ያላቸውን የትልልቆቹን አቆስጣዎች ግልገሎች ከ17,000 በላይ ገደለ። ምን ያህል እንደጎደለ ማወቅ የሚቻለው ከዛ በፊት በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ወቅትና በአንድ ዓይነት መንገድ የቆጠረ ሰው ካለ ብቻ ነው። ይሄን ያነበብኩ ቀን ብዙ አሰብኩ።

አንታርክቲካ ኤርበስ ቤይ ላይ በፈረንጆቹ ከ1968 ጀምሮ ዌዴል የሚባሉት አቆስጣዎች ላይ ምልክት እያሰሩ ይከታተላሉ። ምልክት አድርጎ መልሶ የመያዝ ሂሳቡ (ጥቂቶቹን ምልክት አድርገህ ትለቅና፣ በኋላ ከምትይዛቸው ስንቱ ምልክት እንዳለው አይተህ ጠቅላላውን ትገምታለህ) አልገባ ብሎኝ ስቸገር ቤት ባለው ጥሬ ቡና ሞከርኩት። አንድ ሳህን ቡና ወስጄ 50 ፍሬ በእህቴ የጥፍር ቀለም ቀባሁ፣ ሲደርቅ መልሼ ደባለቅኩና ዓይኔን ጨፍኜ 60 ፍሬ አወጣሁ፣ 6 ቀለም ያለው ወጣ። 50 ሲባዛ በ60 ሲካፈል ለ6፣ 500። ደገምኩት፣ አሁን 5 ብቻ ወጣ፣ 600 ሆነ። ከዛ ቁጭ ብዬ ሳህኑን በሙሉ ስቆጥረው 547። በቃ ያኔ ገባኝ፣ የአንድ ቀን ቁጥር ይዞ ጨመረ ቀነሰ ማለት እንደማይቻል በእጄ ነካሁት። (ፍሬዎቹን ሳትደባልቁ ካወጣችሁ ሂሳቡ ይበላሻል፣ እሱንም ሞክሬዋለሁ።)

አሁን እዚሁ ጅማ ቦዬ የሚባለው ረግረግ ያሉት ጉማሬዎች ላይ ቆጠራውን እየሞከርኩት ነው። ጉማሬ እኮ ለቆጠራ ከአቆስጣ ጋር አንድ ነው፣ ግማሹ ውሃ ስር ነው፣ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ ጠልቆ ይቆያል፣ ለግጦሽ የሚወጣው ደግሞ ሌሊት ነው። የመጀመሪያ ቀን ደርሼ 2 አየሁና መዝግቤ ልሄድ ስል ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት "ልጄ ቆይ እንጂ፣ ሮቢ ቸኩሎ ለመጣ ሰው አይታይም" አሉኝ፣ ሮቢ በኦሮምኛ ጉማሬ ማለት ነው። ቆየሁ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የአራት ጉማሬ ጆሮና አፍንጫ ባንድ ላይ ብቅ አለ፣ ውሃውን እፍ ሲሉት ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ አሁን ጠዋት 1 ሰዓት እደርስና አንድ ቦታ ቆሜ ለአንድ ሰዓት ያህል በየ10 ደቂቃው እቆጥራለሁ፣ የምይዘው ባንድ ጊዜ ያየሁትን ትልቁን ቁጥር ነው። ዝናብ ከነበረ፣ የውሃው ከፍታ፣ ሰው ወይ ከብት ውሃው ዳር ከነበረ ሁሉንም እጽፋለሁ። እስካሁን 11 ጠዋት አለኝ፣ ስለ ለውጥ ለማውራት ገና ነው፣ ቢያንስ የሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ወር መደገም አለበት።

የቸገረኝ ሁለተኛ ቆጣሪ ነው፣ እህቴ ጠዋት ትምህርት አለባት። ጅማ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት መምጣት የምትችሉ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ባይኖኩላር ያለው ሰው ከተገኘ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።