ትኩሳቱን አስቀድሞ መናገር፦ በክትባት ክፍል የተማርሁት

በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በክትባት ክፍል ነርስነት ስሠራ እንዳስተዋልሁት፣ ልጃቸውን ለመጀመሪያው የፀረ አምስት ክትባት (አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ ለሚከላከለው) አምጥተው ለሁለተኛው ከሚቀሩት እናቶች አብዛኞቹ ክትባትን የሚቃወሙ አልነበሩም። ልጁ በስድስት ሳምንቱ ይከተባል፤ ማታ ያተኩሰዋል፣ ሲነጫነጭ ያድራል፣ ጭኑም ያብጣል። ይህ ሊሆን እንደሚችል ማንም ያልነገራት እናት «ደህናውን ልጄን አሳመሙብኝ» ብትል አይፈረድባትም፤ አማቷም በዚህ ላይ የምትጨምረው አታጣም።

ስለዚህ የምክሩን ቅደም ተከተል ቀየርሁ። ቀድሞ ዘጊ አናዳ (ጉሮሮ የሚዘጋው ዲፍቴሪያ)፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ እያልን የምንከላከላቸውን በሽታዎች በመዘርዘር እንጀምር ነበር፤ እናቲቱ ግን ዓይኗ መርፌው ላይ ነው። እኔ ከትኩሳቱ ጀመርሁ። «ዛሬ ማታ ሊያተኩሰው ስለሚችል አትደንግጪ፤ ጡት አዘውትሪለት፣ ልብስ አታብዢበት። ካበጠ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አድርጊበት እንጂ አትሺው። ካንቀጠቀጠው ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን አምጪው» እላትና ያልሁትን መልሳ እንድትነግረኝ አደርጋለሁ። ሲወለድ በክንዱ የሚወሰደው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ቁስል ሆኖ ጠባሳ ጥሎ ስለሚድን፣ ቅቤ ወይም ቅጠል እንዳይቀቡት እጅጌዬን ሰብስቤ የራሴን ጠባሳ አሳያቸዋለሁ።

በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ግን ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ክትባቱ ያመክናል የሚል ወሬ ነበር፤ ዓረብ አገር ያሉ ዘመዶች በስልክ የሚልኩት የድምፅ መልእክትም ያባብሰው ነበር። በወላጆች ስብሰባ ላይ አባቶች ለምን ለሴቶች ብቻ፣ ለምንስ በዚህ ዕድሜ ብለው ሲጠይቁ፣ «ምንም ጉዳት የለውም» የሚለው መልስ ጥርጣሬያቸውን ከማባባስ በቀር አልጠቀመም፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበርና። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደሚተላለፍ፣ ክትባቱም ይበልጥ የሚሠራው ከዚያ በፊት ሲሰጥ እንደሆነ፣ በአንዳንድ አገሮች ወንዶች ልጆችም እንደሚከተቡ፣ የዓለም አቅርቦቱ ውስን በነበረበት ጊዜ ግን ቅድሚያው በዋነኛነት ለሚጎዱት ሴቶች እንደተሰጠ በግልጽ ማስረዳት የተሻለ ሰሚ አገኘ። የአባለ ዘር ነገር በአባቶች ፊት ማንሣት ከባድ ቢሆንም ሸፋፍኖ ማለፉ የባሰ ነው።

ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ መርፌ ፈርታ ራሷን ብትስት፣ ሰልፉን የያዙት ሁሉ ይርዳሉ፤ ሌሎችም ተከትለው ይወድቃሉ፤ ወሬው ከልጆቹ ቀድሞ መንደር ይገባል። ስለሆነም የሚከተቡትን ከተሰለፉት በመጋረጃ መለየት፣ ቁርስ መብላታቸውን መጠየቅ፣ ከተከተቡም በኋላ ለ15 ደቂቃ ያህል አስቀምጦ ማየት ለእኔ የዘመቻው ዋና ሥራ ሆነ።

ከተለመደው የከፋ ሕመም ሲያጋጥም ቅጽ ሞልተን ለበላይ እንልካለን። ቤተሰቡም መልስ ይጠብቃልና የተገኘውን ውጤት ቤታቸው ድረስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ምክንያቱ ካልታወቀም አልታወቀም እላለሁ። ለዚህ ጉብኝት የተመደበ ጊዜም ሆነ የትራንስፖርት ገንዘብ የለም፤ ከዘመቻው በጀት ሊታሰብለት ይገባ ነበር ባይ ነኝ።