ኖስፌራቱን ወደ አማርኛ ስመልስ በአንድ ቃል የሠራሁት ስሕተት

«ኖስፌራቱ» በተሰኘው ድምፅ አልባ ፊልም መጀመሪያ አካባቢ፣ ሁተር የተባለው ወጣት በካርፓቲያ ተራሮች ከሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ገብቶ ወደ ደም መጣጩ ኮንት ኦርሎክ ግንብ እንደሚሄድ ሲናገር ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይደነግጣል። በምስሎቹ መካከል የሚገባው የጀርመንኛ ጽሑፍ ጫካው ውስጥ «ቬርቮልፍ»፣ ማለትም ሌሊት ተኩላ የሚሆን ሰው እንደሚዞር ያስጠነቅቃል። ወዲያው የሚታየው እንስሳ ግን ተኩላ ሳይሆን ጅብ ነው። እኔም በምኖርበት በፍራንክፈርት ከተማ ለሚገኙ ወገኖቼ ፊልሙን ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር ለማሳየት ስነሣ፣ ከሥራው ሁሉ ከባድ የሆነብኝ ይህች አንዲት ጽሑፍ ናት።

ፊልሙን ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሙርናው አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1922 በርሊን ውስጥ ታየ። መነሻው ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመው «ድራኩላ» የተባለ ልብ ወለድ ነው። የደራሲው ቤተሰብ ፈቃድ ስላልተጠየቀ የታሪኩ ጸሐፊ ሄንሪክ ጋሌን ስሞቹን ለወጠ፤ ድራኩላ ኦርሎክ ተባለ፣ እንግሊዝም ቪስቦርግ በተባለች ምናባዊ የጀርመን ወደብ ተተካች። ሆኖም የደራሲው ባለቤት ፍሎረንስ ስቶከር ከመክሰስ አልተመለሱም፤ ፊልሙን የሠራው ድርጅት ከሰረ፣ እ.ኤ.አ. በ1925ም ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲወድሙ ወሰነ። ወደ ውጭ አገር ተሽጠው የነበሩት ግን ተረፉ፤ ዛሬ የምናየውም ከእነዚያ ከተበታተኑ ቅጂዎች ተለቃቅሞ የተጠገነውን ነው። በየአገሩ የተረፉት ቅጂዎች ጽሑፋቸው አንድ አይደለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ከአንድ የእንግሊዝኛ ቅጂ ጀምሬ ግማሽ ያህሉን ከተረጐምኩ በኋላ ነበር፣ ኦርሎክ እንደገና ድራኩላ ተብሎ ማየቴ እንግዳ ሆኖብኝ ከጀርመንኛው ጋር ያስተያየሁት። ጽሑፎቹ ያጠሩ፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ የተለወጡ ስለነበሩ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ቅጂውንም ቢሆን በጥንቃቄ አልመረጥኩም ነበር። ለሙከራ ለጥቂት ወዳጆቼ ሳሳያቸው፣ ኦርሎክ የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሞ ከተማ ውስጥ ሲያዘግም አንዱ «ፀሐይ ይገድለዋል አላላችሁም እንዴ? ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው እኮ የሚሄደው» አለ። ትክክል ነበር። በዚያ ዘመን ከቤት ውጭ ያለውን የሌሊት ትዕይንት የቀረጹት በቀን ብርሃን ነውና፣ ሌሊትነቱ የሚታወቀው ፊልሙ ሰማያዊ ቀለም ሲነከር ነው፤ የሻማ ብርሃን ያለበት ቤት ቢጫ፣ ንጋቱ ደግሞ ሮዝ ይሆናል። የእኔ ቅጂ ቀለሙ የጠፋበት ጥቁርና ነጭ ስለነበር ቀንና ሌሊቱ ተደባልቋል። ነገሩ ከጌጥ በላይ ነው፤ በስቶከር ልብ ወለድ ድራኩላ በቀን መንቀሳቀስ ይችላል፤ የንጋት ብርሃን ደም መጣጩን የሚያጠፋው በዚህ ፊልም ነው፣ መጨረሻውም ዶሮ ሲጮኽ በሚወጣው ብርሃን ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ቀለሙ የተመለሰለትን የታደሰ ቅጂ ያዝኩ።

ቋንቋውን በሚመለከት፣ ተራኪው በከተማዋ ስለ ደረሰው ታላቅ እልቂት የሚናገር የታሪክ መዝጋቢ በመሆኑ የዜና መዋዕሎቻችን አጻጻፍ ረድቶኛል። የመክፈቻው ጽሑፍ «ኖስፌራቱ» የሚለውን ስም በእኩለ ሌሊት ከምትጮኽ የሞት ወፍ ድምፅ ጋር ያነጻጽረዋል፤ እኔም «ጉጉት» አልኩ፣ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገም። ብዙ ቀን የወሰደብኝ ኦርሎክ የሁተርን ሚስት የኤለንን ትንሽ ምስል አይቶ አንገቷን የሚያደንቅበት ቦታ ነው። መጀመሪያ «ባለቤትዎ አንገተ መለሎ ናቸው» ብዬ ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ዘፈን ሆነ፤ አንገትን እንደ ሥጋ የሚያይ ፍጡር ባለቅኔ መሰለ። በኋላ «ሚስትዎ አንገቷ ያምራል» አልኩት። ለባልየው አንቱታው እንዳለ ሆኖ፣ ለእርሷ አለመሰጠቱ ብቻውን ዓይኑ የት እንዳረፈ ይናገራል።

ወደ ጅቡ ልመለስ። በእኛ ዘንድ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው ቡዳ በመሆኑ፣ ምስሉን ሳይ ፊልሙ ራሱ የአገሬን ቋንቋ የተናገረ ያህል ደስ ብሎኝ «ጫካው ውስጥ ቡዳ ይዞራል» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ትዕይንት ቀን ያ ጽሑፍ ሲወጣ አዳራሹ አጉረመረመ፤ እኔም እንደ ተሳካልኝ ቆጠርኩት። ወንበሮቹን ስናነሣ ግን አንዲት እናት ቆመው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ያንን ቃል የጻፈው ፈረንጁ ነው ወይስ አንተ?» አሉኝ። እኔ መሆኔን ስነግራቸው አባታቸው ቀጥቃጭ እንደ ነበሩ፣ ማረሻውን ከአባታቸው ዘንድ የሚያሠራው ጎረቤትም ልጆቹ ከእሳቸው ጋር እንዳይጫወቱ ይከለክል እንደ ነበር ነገሩኝ። ድምፃቸውን አላነሡም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ያን ሌሊት ፊልሙን ብቻዬን እንደገና አየሁት። በአገራችን በዚህ ቃል የተወነጀሉት በእጃቸው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ቤተ እስራኤላውያን። ኦርሎክም ከምሥራቅ አፈር የሞላባቸውን ሣጥኖችና አይጦችን ይዞ የሚመጣ፣ ከተማዋን በወረርሽኝ የሚያጠፋ፣ አፍንጫው የቆለመመ እንግዳ ነው፤ ይህ መልክ በዘመኑ አይሁዶችን ለማጥላላት ይሣል ከነበረው ሥዕል ጋር እንደሚመሳሰል ብዙዎች ጽፈዋል። ከዚህም ሌላ የከተማው ሕዝብ የመዓቱ ምክንያት የሁተር አለቃ የነበረው ክኖክ ነው ብሎ በጣሪያና በእርሻ ሲያሳድደው፣ በመጨረሻ እርሱ መስሎት ማስፈራሪቾን ሲበጣጥስ እናያለን። ክኖክን የተጫወተው አሌክሳንደር ግራናክ አይሁዳዊ ነበር፤ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጀርመንን ለቆ ተሰደደ። ይህን ሁሉ በያዘ ፊልም ውስጥ ጀርመንኛው ያላለውን ውንጀላ በገዛ እጄ ጨምሬበት ነበር። ትርጉሜ ለተመልካቹ ቅርብ እንዲሆን ስጥር፣ ቃሉ ለማን ቅርብ ማንንስ የሚያቆስል እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ቃሉን አውጥቼ «ጫካው ውስጥ አውሬ የሚሆን ሰው ይዞራል» ብዬ ተካሁት። ለሁለተኛው ትዕይንት እኚያን እናት ራሴ ደውዬ ጋበዝኳቸው፤ መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ጽሑፉ ወጥቶ አለፈ፣ ጅቡም ታየ። ከኋላ አንድ አዛውንት ለጎናቸው ሰው ቀስ ብለው «ጅብ እኮ ነው» ሲሉ ተሰማ፤ ፈረሶቹም ደንብረው ሜዳውን ሲያቋርጡ ታዩ።