በወንድሜ ስም አይደለም

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ስለ አንድ ግድያ ሲያወራ ረዳቱ «እንዲህ ዓይነቱን መስቀል ነው!» አለ። ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን።

ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ወንድሜን ቀይ ሽብር በልቶብኛል» አሉ። ታክሲው ጸጥ አለ።

«በ2003 የደርጎቹ ሞት ወደ ዕድሜ ልክ ሲቀየር ጎረቤቱ ሁሉ ተናደደልኝ። እኔ እፎይ አልኩ። በወንድሜ ስም ሌላ እናት እንድታለቅስ አልፈልግማ!»

ይህን ሲሉ የታክሲ ሳንቲማቸውን እየቆጠሩ ነበር። ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም።

ደርግም እኮ በኅዳር 1967 ስልሳዎቹን ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ሲረሽን «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ነው ያለው። ለመግደል ስም አይጠፋም።

በአገራችን በይፋ የሚታወቀው የመጨረሻ የሞት ቅጣት የተፈጸመው በ1999 ነው። ሕጉ ላይ ግን አሁንም አለ። ቢፋቅ ደስ ይለኛል።