ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት ስለ ልጅ ጠይቁ

የጡት ካንሰር ሲገኝብኝ ካገባሁ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። ቀዶ ሕክምናው ደሴ ተሠራ። ፀጉሬ ረገፈ፣ ተመልሶ በቀለ። ስለሱ ብዙ አላወራም።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱን፣ ልጀምር ስል የሆነው ነው። የሐኪሙ ክፍል በሩ ክፍት ነው። ተለማማጆች ቆመዋል። ባለቤቴን «ውጭ ጠብቅ» ብለውታል። እንደምንም ደፍሬ «ዶክተር፣ ከዚህ በኋላ መውለድ እችላለሁ?» አልኩ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ካርዴ ላይ እየጻፈ «አሁን ነፍስሽን አትርፊ፣ ልጅ ይደርሳል» አለ። ቀጣዩ ታካሚ ተጠራ።

ልጅ ግን ላይደርስ ይችላል። ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው የኬሞ መድኃኒት የሴት እንቁላል ይጎዳል። ይህን የነገረችኝ ነርሷ ናት፤ ያውም መድኃኒቱ ክንዴ ላይ እየተንጠባጠበ። እንቁላል አውጥቶ ለማስቀመጥ ከኬሞ በፊት ሁለት ሳምንት ገደማ ያስፈልጋል። ለወንድ ዘሩን ማስቀመጥ ከዚያ በጣም ይቀላል። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ሄጄ ጠይቄ፣ አቅሜ ባይፈቅድ እንኳ ራሴ በተውኩት ነበር። ሌላ ሰው ወሰነልኝ። ይህን ይቅር አልልም።

ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ደግሞ «የሦስት ወሩን መርፌ ውሰጂ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። የጡት ካንሰር ላለባት ሴት ክኒኑም፣ መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም አይሆንም፤ ሆርሞን አላቸው። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን፣ መዳብ ያለበትን ሉፕ አስገባሁ። የወር አበባ ቀረ ማለት አይረገዝም ማለት አይደለም።

ስለ አልጋም ልናገር። የብልት ድርቀቱ ያማል። ባለቤቴ ጠባሳዬን ላለመንካት አልጋው ጫፍ ላይ ይተኛ ነበር። የጠላኝ መስሎኝ ስንት ሌሊት አለቀስኩ! በመጨረሻ ስጠይቀው «ያምሻል ብዬ ነው» አለ። እጁን ይዤ ጠባሳው ላይ አኖርኩት። ፋርማሲ ገብታችሁ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ቫዝሊን ኮንዶም ይቀድዳል፤ በኬሞ ሰሞን ደግሞ ኮንዶም ግድ ነው። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ «አብሽሪ፣ ዋናው ጤና ነው» ይሉኛል። ይሄም እኮ ጤና ነው።

አሁን ታሞክሲፈን ላይ ነኝ፤ ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚወሰድ ክኒን ነው። እየወሰዱ ማርገዝ ጽንሱን ይጎዳል። ግን ለአንዳንዶቻችን ሁለት ዓመት ገደማ ከወሰድን በኋላ፣ በሐኪም ክትትል ለጊዜው አቁሞ መሞከር ይቻላል። ይህንንም ጠይቄ ነው ያወቅኩት። ሐኪም «ቆይ» ካላችሁ እስከ መቼ እንደሆነ ካርዳችሁ ላይ አስጽፉት።